የአንደርስ ልጆች

ስዊድን ውስጥ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም አንደርሰን ነው። ዮሃንሰን እግር በእግር ይከተለዋል፤ ቀድሞት የነበረበትም ጊዜ አለ። የአገሩ ሕዝብ አሥር ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በእነዚህ ሁለት ስሞች በእያንዳንዳቸው ከ200,000 በላይ ሰው ይጠራል። ከነሱ በታች ካርልሰን፣ ኒልሰን፣ ኤሪክሰን፣ ላርሰን፣ ኦልሰን፣ ፔርሰን፣ ስቬንሰን፣ ጉስታፍሰን እያለ ይወርዳል። አሥሩም የሚያልቁት «ልጅ» ማለት በሆነው «ሰን» ነው፤ የአንደርስ ልጅ፣ የኒልስ ልጅ፣ የኤሪክ ልጅ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ አንድ የጥር ምሽት በማላውቃቸው ሰዎች በር ላይ ቆሜ አመሸሁ። አመሻሼን ግን አልጠላሁትም፤ ስለ ስም የማስበውን ሁሉ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

አክስቴ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ክሊኒክ ሠርተዋል። እዚያ ከአንዲት ስዊድናዊት ነርስ ጋር የመሠረቱትን ወዳጅነት አብዮቱም፣ ርቀቱም፣ እርጅናውም አልበጠሰውም። ለሥራ ወደ ጎተንበርግ እንደምሄድ ሲሰሙ በርበሬ፣ ቡናና አንድ ነጠላ ጠቅልለው አሸከሙኝ። አድራሻውንም በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ፤ የመንገዱ ስም፣ የሕንፃው ቁጥር፣ ከሥሩ «ሲስተር አንደርሰን»። ለአክስቴ ይህ ከበቂ በላይ ነበር። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር «የአቶ እከሌ ቤት የት ነው?» ያለን እንግዳ ሕፃን ልጅ እጁን ይዞ ደጃፉ ድረስ ያደርሰዋል።

ከትራም ስወርድ ጨልሟል፣ በረዶውም ይወርዳል። ቅዝቃዜው የስልኬን ባትሪ ጨረሰውና ስልኬ ጠፋ። የሕንፃው የውጭ በር የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የለም። ጥቅሌን ታቅፌ እንደቆምኩ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ስትወጣ አየችኝና በሩን ያዘችልኝ። ውስጥ ግድግዳው ላይ የነዋሪዎቹ ስም በየፎቁ ተደርድሯል። ሁለተኛ ፎቅ አንደርሰን ይላል። ሦስተኛውም አንደርሰን። የላይኛው ፎቅም እንደገና አንደርሰን።

ከታች ጀመርኩ። የመጀመሪያውን በር የከፈተልኝ ወጣት፣ ነርስ የሚባል ሰው እዚህ እንደሌለ በትሕትና ነግሮኝ ዘጋ። ሁለተኛው ቤት መብራት አለ፣ የሚመልስ ግን የለም። ላይኛው ፎቅ ስደርስ ነጭ ፀጉር ያላቸው አዛውንት ወጡ። ወረቀቱን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው አነበቡና፣ «ቁጥሩ ልክ ነው፤ የመግቢያው ፊደል ግን አልተጻፈም። ይህ ሕንፃ ሦስት መግቢያ አለው፣ በሦስቱም አንደርሰኖች አሉ። ግባ፣ ቡና አፍልቼአለሁ» አሉኝ።

ጠረጴዛቸው በወረቀት ተሸፍኗል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የዘር ሐረጋቸውን መፈለግ ነው። ስዊድን ውስጥ ይህን የሚያደርግ እጅግ ብዙ ሰው አለ፤ የሚያስችላቸውም የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የ1686ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቄሶች ያጠመቁትን፣ ያጋቡትንና የቀበሩትን ሁሉ እንዲመዘግቡ፣ በየቤቱም እየዞሩ ምእመኑ ሃይማኖቱን ማወቁን እንዲፈትኑ አዘዘ። በ1749 ደግሞ መንግሥት ከነዚሁ መዝገቦች የሕዝብ ቆጠራ መሥራት ጀመረ። (እነዚህ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።) ዛሬ መዝገቦቹ በኮምፒውተር ይነበባሉ፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱም ከ2018 ጀምሮ ያለ ክፍያ ክፍት አድርጓቸዋል።

አዛውንቱ አንድ ገጽ ከፍተው የድሮውን አሠራር በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩኝ። አንደርስ የወለደው ኒልስ፣ ኒልስ አንደርሰን ይባላል። ኒልስ ላርስን ቢወልድ ልጁ ላርስ ኒልሰን ነው። ሴት ልጅ ብትወለድለት ካሪን ኒልስዶተር፣ የኒልስ ሴት ልጅ፣ ትባላለች፤ ስታገባም በአባቷ ስም ትቀጥላለች እንጂ የባሏን አትወስድም። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። «ይሄማ የኛ ነው!» አልኳቸው። እሳቸውም ተገረሙ፤ ከአይስላንድ በስተቀር ዛሬም እንዲህ የሚጠራ ሕዝብ መኖሩን አልሰሙም ነበር።

ታዲያ ምን አጠፋው? የገበሬው ልጅ የሚጠራባቸው ስሞች ጥቂት ነበሩ፤ አንደርስ እንድርያስ ነው፣ ዮሃን ዮሐንስ፣ ፔር ጴጥሮስ፣ ኒልስ ኒኮላዎስ። ኤሪክና ኡሎፍ ደግሞ ሕዝቡ ቅዱስ ያላቸው የሰሜን ነገሥታት ናቸው። በአንድ አጥቢያ ብዙ ኒልስ አንደርሰን ይኖራል። ለዚህ ጦሩ መላ ፈጠረ። ከ1682 ጀምሮ ጥቂት የገበሬ ቤቶች ተሰባስበው አንድ ወታደር እንዲያቋቁሙ፣ ጎጆና መሬት እንዲሰጡት ሲደረግ፣ ወታደሩ ከሌላው አንደርሰን የሚለይበት አጭር ስም ይወጣለት ጀመር፤ ስቶል ማለት ብረት፣ ራስክ ማለት ፈጣን፣ ሙዲግ ማለት ደፋር። መኳንንቱ ከዚያ በፊት፣ በ1626 የራሳቸው ምክር ቤት ተደራጅቶላቸው፣ የወል ስማቸውን ለልጅ ልጅ ያወርሱ ነበር። ከተሜው ከተራራና ከዛፍ እየቀጠለ ሊንድበሪ፣ በርይስትረም ተባለ። ካህናቱ ወደ ላቲን አዘነበሉ። የዕፅዋትና የእንስሳት ሳይንሳዊ አሰያየም አባት የሆነው ካርል ሊኔየስም የተወለደው ኒልስ ኢንገማርሰን ከሚባል ሰው ነው፤ አባቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በቤተሰቡ መሬት ላይ በቆመ ትልቅ ዛፍ ስም ባይሰየም ኖሮ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ካርል ኒልሰንን ነበር።

ገበሬው ግን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በአባቱ ስም ጸና። ያናወጠው ባቡሩ፣ ፋብሪካውና ስደቱ ነው። ሰው አጥቢያውን ለቆ ከተማ ሲገባ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጠፋ፤ ጸሐፊው የሚፈልገው ከአባት ወደ ልጅ የማይለወጥ አንድ ስም ሆነ። ብዙ ቤተሰብ በዚያን ሰዓት የነበረውን ስም እንደያዘ ቆመ። የ1901ዱ የስም ደንብ ደግሞ ነገሩን አጸናው። የሴቷ ስምም አብሮ ሄደ፤ ኒልስዶተር የነበረችው ልጅ ኒልሰን ተባለች፣ ያገባችው የባሏን ያዘች። አዛውንቱ ገጹን ወደ ታች ወሰዱትና አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «ይህ አንደርስ የቅድመ አያቴ አባት ነው። ከሱ በኋላ በቤታችን አንደርስ የሚባል አባት አልተወለደም። እኛ ግን ሁላችንም እስከ ዛሬ የሱ ልጆች እየተባልን ነው» አሉ።

ከዚያ የኔን ጉዳይ ያዙ። ስዊድን በ1766 ባወጣችው የፕሬስ ነፃነት ሕግ የመንግሥት ሰነድን ለሕዝብ ክፍት አደረገች፤ ዛሬም የሰው አድራሻና ዕድሜ ሳይቀር በቀላሉ ይገኛል። ኮምፒውተራቸው ላይ የመንገዱን ስም ጻፉ፣ ከተገኙት አንደርሰኖች በሰማኒያዎቹ ዕድሜ ያሉትን ሴት ለዩ። መግቢያው ሦስተኛው ነበር። ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ድረስ ሸኙኝ።

ሲስተር በሩን ሲከፍቱ ፊቴን አዩ፣ ጥቅሉን አዩ፣ ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ነገርኳቸው። የአያቴ ስም ከአፌ እንደወጣ እጃቸውን ዘረጉ። እሳቸው አክስቴን የሚያውቋቸው በስማቸውና በአባታቸው ስም ነው፤ የአክስቴ አባት ደግሞ አያቴ ናቸው። የጋራ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሆኖም በሦስተኛው ስም ላይ ዝምድናችን ወለል ብሎ ታያቸው። እሳቸው ራሳቸው አንደርሰን የሆኑት በጋብቻ ነው። ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአባት ወይም በእናት ስም ላይ «ልጅ» እያሉ መሰየምን ዳግም ስለፈቀደ፣ የልጅ ልጃቸው በእናቷ ስም ላይ «ዶተር» ጨምራ መጠራቷን በደስታ አወሩልኝ። ይህን የሚያደርገው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ ምሽት በኋላ እነዚህን ስሞች ባየሁበት ሁሉ ታሪካቸውን እፈልጋለሁ። የስልክ መሣሪያ ኩባንያው ኤሪክሰን በ1876 ስቶክሆልም ውስጥ ባቋቋመው በላርስ ማግኑስ ኤሪክሰን ስም የተጠራ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1930 ድረስ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ሲፈልሱ ብዙው ዮሃንሰን እዚያ ጆንሰን ሆነ። የምክር ቤት አባል የነበረው ኡላ ሞንሰን በ1859 ሚኒሶታ ሲገባ ኦገስት ሊንድበርግ ተባለ፤ በ1927 ብቻውን ከኒውዮርክ ፓሪስ የበረረው ቻርልስ ሊንድበርግ የልጅ ልጁ ነው። ስሙ ኢትዮጵያ ድረስም ይመጣል። ዝነኛው የወጥ ቤት ባለሙያ ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ሲወለድ ካሳሁን ፅጌ ነበር። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ከእህቱ ጋር በጉዲፈቻ ጎተንበርግ ገባ፣ የአሳዳጊዎቹንም ስም ያዘ። ካደገ በኋላ ወላጅ አባቱ በሕይወት እንዳሉ ሰማ፣ ሄዶም አገኛቸው። የሳሙኤል ልጅ የሚል ስም ይዞ የፅጌ ልጅ መሆኑን ያወቀ ሰው ስለ አባት ስም ክብደት ከማንም በላይ ሊነግረን ይችላል።

ዛሬ አንደርሰን የማን ልጅ መሆንን አይናገርም። ሰውን ከሰው የሚለየው ከ1947 ጀምሮ ለያንዳንዱ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ደግሞ ቢያንስ 2,000 ሰው የሚጠራበትን ስም ማንም ነዋሪ አመልክቶ መያዝ ይችላል፤ ዛሬ ከሌላ አገር የገባ ሰው ነገ አንደርሰን ቢሆን ሕግ አይከለክለውም። ብዙ ባለትዳሮች የተለየ ስም ስለሚመርጡም የአንደርሰኖቹ ቁጥር እየቀነሰ ነው።

እኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 32 ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም ደንግጎ ነበር። ስዊድን በ1901 ያጸናችው ነገር ለኛም በወረቀት ተጽፎልን ነበር ማለት ነው። ሕዝቡ ግን አልተቀበለውም፤ እንደ ጥንቱ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ይህ የሚያኮራ ጽናት ነው ብዬ አምናለሁ። ስማችን ሕያው ነው፤ ዛሬም «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉን ይመልሳል።

የጎደለን መዝገቡ ነው። ስዊድናውያን የአባት ስማቸው ቢቆምም ቄሱ በ1700ዎቹ የጻፈውን ገልጠው አያት ቅድመ አያታቸውን ያገኛሉ። እኛ በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጀመርነው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሐረግ በአብዛኛው በሽማግሌ አንደበት ላይ ያለ ነው፤ ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። የእናቶቻችን ሐረግ ደግሞ ከአባት ስም ሰንሰለት ውጭ በመሆኑ ከሁሉ ቀድሞ ይጠፋል። በስቶክሆልም፣ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ልጅ የምታሳድጉ ይህ ይበልጥ ይመለከታችኋል። አባትና ልጅ በሁለት ስም መጠራታቸው በየትምህርት ቤቱና በየድንበሩ ጥያቄ ስለሚያመጣ፣ ብዙዎቻችሁ የአያትን ስም ለቤተሰቡ ሁሉ መጠሪያ አድርጋችሁ አጽንታችኋል። ይህን ማድረጋችሁን አልነቅፍም፤ ስዊድናውያንንም ያስገደዳቸው ይኸው ችግር ነው። ነገር ግን ስሙ የቆመበትን አያት ማንነት ለልጃችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ለሱም ባዶ አንደርሰን ይሆንበታል።

ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ አዛውንት ዘመድ ካለህ ዛሬ ደውልለት፤ ካለሽም ደውይለት። በአባት በኩል ሰባት ቤት፣ በእናት በኩልም ሰባት ቤት አስቆጥራችሁ ከትውልድ ቦታው ጋር ጻፉት። በሁለት ቅጂ አስቀምጡት፣ አንዱን ለልጆቻችሁ ስጡ። ስማችንን ጠብቀን እዚህ አድርሰናል፤ አሁን የቀረን መጻፍ ነው።