ልጄ ሥራ ላይ ነው አሉ

እኔ የማውቀው ሥራ ጠዋት ተለብሶ የሚኬድበት ነው። ገብተህ ትፈርማለህ፣ አለቃህን ትሸሻለህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ካፖርትህን ደርበህ ትወጣለህ። ልጄ ግን ሶፍትዌር ኩባንያ ተቀጠርኩ ካለ ወዲህ ከቤት ሲወጣ የማየው ዳቦ ሊገዛ ብቻ ነው።

ኩባንያው ያለው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። እነሱ ዘንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ስብሰባው እስኪያልቅ ራት አይቀርብም። ይሁን ብዬ ለመድኩ። ጥቅምት ሲያልቅ ግን ሰዎቹ ሰዓታቸውን ወደኋላ ይመልሱና ራታችንም ባንድ ሰዓት ይዘገያል፤ መጋቢት መግቢያ ገደማ እንደገና ይመለሳል። የኔ ሽሮ በካሊፎርኒያ ሰዓት ይታዘዝ?

በስብሰባ ሰዓት ሙቀጫ ክልክል ነው። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ፣ ዘነዘናውን ይዛ የሳሎኑ በር ላይ ትቆማለች። ልጁ ድምፁን ሲዘጋ አውራ ጣቱን ያሳያታል፤ ሁለት ሦስቴ ትወቅጣለች። ድንገት ስሙን ሲጠሩት ዘነዘናው አየር ላይ ይቀራል። አርባ ቀን እንኳ ለቅሶ ቤት እንዲህ አልተንሾካሾክንም!

ገንዘቡን አልክድም፤ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ የደሞዝ ጭማሪ የማውቀው በደብዳቤ ነው፣ ያውም ስንት ዓመት ተጠብቆ። የሱ ተኝቶ እያለ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። በኔ በኩል የጨመረው ዘይት ነው። የቤት ኪራዩን፣ የእናቱን መድኃኒት፣ ይኼን ተቀምጬበት የማጉረመርምበትን ሶፋ ሳይቀር የሚከፍለው እሱ ስለሆነ እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

ጡረታስ? ብዬ ጠየቅኩት። «ኮንትራት ነው አባዬ» አለኝ። እዚሁ የግል ድርጅት ቢቀጠር ኖሮ ከሱ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባለትና 60 ሲሞላው ይጦር ነበር። የሥራ ጓደኛው መባረሩን ያወቀው ጠዋት ተነስቶ የይለፍ ቃሉ አልሠራ ሲለው ነው አሉ። በኛ ጊዜ ሰው ለማባረር መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ዲሲፕሊን ኮሚቴ፣ ከዚያ ይግባኝ ነበር፤ ኮሚቴው ሲሰበሰብና ሲበተን ተከሳሹ በሰላም ጡረታ ይወጣል።

አሁን ደግሞ የባሰው መጣ። ሊያገባ ነውና ሽማግሌ ሆነን ሄድንለት። የልጅቱ አባት፣ «መሥሪያ ቤቱ ወዴት ነው?» አሉ።

«ሳን ፍራንሲስኮ።»

«መቼ ሄደ?»

«አልሄደም። ሳሎን ነው ያለው።»

ሰውየው ጠላ ቀምሼ የመጣሁ መሰላቸው መሰለኝ፣ አብረውኝ ወደመጡት ሽማግሌዎች ዞሩ። እነሱም ምንጣፉን ያያሉ። የሥራ ማስረጃ ይዛችሁ ተመለሱ ተባልን። ልጄ የኩባንያውን ሰዎች ጻፉልኝ አላቸው፣ በማግሥቱ ላኩለት፤ አተመልኝ። መነጽሬን አድርጌ ፊቱንም ጀርባውንም አየሁ፤ ማህተም የለውም።

«አባዬ፣ እነሱ እኮ ማህተም የላቸውም» ይለኛል፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

ይኼን ይዤ ነው እንግዲህ እሑድ የሰው ደጅ የምቆመው!