ጉቶው አይሸጥም

መርካቶ ግባና «የሚያጠፋ ነገር አለ?» ብለህ ጠይቅ እስቲ። የሚያጣብቅ፣ የሚያበራ፣ የሚያሳምር፣ የሚያቀላ ሁሉ በየተራው ተደርድሮ ይጠብቅሃል። የሚያጠፋ ስትል ግን የአይጥ መርዝ ይዘረጉልሃል። እኔ የፈለግሁት ባሕር ዛፍ የሚያጠፋ ነበር።

ነገሩ የአክስቴ ነው። ግቢዋ አዲስ ከተማ፣ ከአመዴ ገበያ ብዙም አይርቅም። ከመጋዘኑ ጀርባ ሟች ባሏ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቷል፤ ጉቶው ግን አልሰማም። ክረምት በመጣ ቁጥር ዙሪያውን ያቆጠቁጣል፣ ቆርቆሮውን ይገፋል፣ ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል። መጋዘኑን የተከራየው የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ያችን ቦታ ለዕቃው ይፈልጋታል።

«መርካቶ ውስጥ ኪራይ ሳይከፍል የሚኖር ይሄ ጉቶ ብቻ ነው» አለች አክስቴ። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ እንጂ።»

የተማርኩት ሒሳብ አያያዝ ነው።

መጀመሪያ ያጋጠመኝ ክርክር ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው አይደለም የሚለው ሆነ። ተከራዩ «ይሄ ሌላ ነው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ረጅም ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እውነቱን ለመናገር የጉቶው ቅጠል ያደናግራል፦ ክብ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግንዱን አቅፎ ይወጣል፣ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፣ ለጋው ግንድ ደግሞ አራት ማዕዘን ነው። አንዱን ቀንበጥ ቆርጬ ይዤ ወጣሁ። ቅጠላ ቅጠል የምትሸጥ አንዲት እናት ተቀብላ በጣቷ አሸት አደረገችና አሸተተችው። «ነጭ ባሕር ዛፍ ነዋ! ሕፃን ሆኖ ነው እንዲህ የሚመስለው። ሲያድግ ማጭድ ያወጣል» አለች። ሲቆረጥ እንደገና ሕፃን ይሆናል ማለት ነው። እኔ ይህን እያሰላሰልኩ እሷ ወደ ቁም ነገሯ ገባች፦ «ስንት ሸክም ይወጣዋል? የኮሮና ጊዜ ብትመጣ ኖሮ...» ያኔ ለመታጠን ቅጠሉን የማይፈልግ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ሊገዛኝ ነው የቆመው። ምን አለሽ ተራ ዶማና ፋስ ስጠይቅ ብረት ቀጥቃጩ የዶማውን ዋጋ ሳይነግረኝ «ማገር ይወጣዋል?» አለ። አንድ የአጠና ደላላ ደግሞ ነገሩን ሰምቶ እንደ ዘመድ ተቆጣኝ። «አትንቀለው ጋሼ! ምን ነካህ? ከበቀሉት ደህና ደህናውን ሁለት ሦስት አስቀር፣ ሌላውን መልምለህ ጣል። በጥቂት ዓመት አጠና ነው፤ እኔው መጥቼ አነሳልሃለሁ።» ምክሩ ስህተት የለበትም፣ ገበሬውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ችግሩ አክስቴ ደን አላዘዘችኝም።

በኋላ ሳስበው ደላላው የተቆጣው በከንቱ አይደለም፤ ታሪኩ ከእሱ ጋር ነውና። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ የዙሪያዋ ዛፍ አልቆ ማገዶ ጠፋ፤ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሳት ደርሰው ነበር። ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ አመጣው የሚባለው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት። ታዲያ ሕዝቡ ተከለ፣ ተከለ፣ ምንጩና ጉድጓዱ መድረቅ ጀመረ ተባለ። በፈረንጆች 1913 ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ በምትኩ እንጆሪ፣ ያ የሐር ትል የሚቀለብበት ዛፍ፣ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። የፈጸመው ሰው ከቁጥር አልገባም። በየግቢው የቆመውን ገንዘብ ማን ይነቅላል? የባሕር ዛፍ ፍሬ ደቃቅ ናት፣ በራሷ ሩቅ አትሄድም። ሩቅ ያደረሳት የሰው እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ ትእዛዝ አይሰማም።

መድኃኒት የሚያዙልኝም አልጠፉም። አንዱ ጨው፣ አንዱ የተቃጠለ ዘይት፣ አንዱ ፍም። ጨውና ዘይት ጉቶውን ከመግደላቸው በፊት አፈሩን ይገድላሉ። አንድ ልጅ ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ ቡናማ ፈሳሽ ይዞ «ፀረ አረም ነው፣ በአንድ ሌሊት ደርቆ ታገኘዋለህ» አለኝ። ጽሑፍ የለውም፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። እንደ ግላይፎሴት ያለ መድኃኒት እውነተኛ ከሆነ ይሠራል፤ ግን ግንዱ በተቆረጠበት ቅጽበት፣ እርጥብ እንዳለ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀለበት ላይ መቀባት አለበት። መሐሉ የሞተ እንጨት ነው፣ ቢያጠጡት አይሰማም። ጠርሙሱን መለስኩለት።

ያዳነኝ ከሰል ሻጭ ነው። አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ነው አገሩ። እነሱ ዘንድ ዲከረንስ የሚባል ግራር ይተከላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር፣ ከዚያ ብቻውን፣ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይገባል። «የእኛው ከተቆረጠ አለቀ፣ እንደገና ካልተከልከው አይመጣም» አለ በኩራት። አፋሮች የደርግ ዛፍ የሚሉትን ፕሮሶፒስ ስጠቅስበት ግን ፊቱ ተለወጠ። ፍሬውን ከብትና ግመል በልተው በፋንድያቸው ይዘሩታል፤ አፋር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። ከሰል እየተከሰለ ይጥፋ ተብሎ ሲፈቀድ ሰው ግንዱን ወሰደ፣ ሥሩን ተወው። «ግንዱ ይሸጣል፣ ሥር መቆፈር ጉልበት ነው። ማን በነጻ ይቆፍራል?» አለ። «ያንተም እንዲሁ ነው። እዚያ አፈሩ ሥር ያበጠ ነገር አለ፣ ዓይኑ ያለው እዚያ ነው። እሱ ካልወጣ ስትቆርጠው ትኖራለህ።»

«ታዲያ ማን ያውጣልኝ?»

«ጉቶው ጥሩ ማገዶ ነው። የእንጀራ ጋጋሪዎች ይወዱታል። ልጆች እልክልሃለሁ፣ ቆፍረው ይወስዱታል፣ ገንዘብ አይጠይቁህም።»

ለአክስቴ የምሥራች ብዬ ነገርኳት። ቡናዋን አስቀመጠች።

«በነጻ? ጉቶዬን? የሚሸጥ ነው እንዴ?»

ልጆቹ መጡ፣ አክስቴ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች፣ ዋጋ ተነጋገሩ። እኔ ዛፍ ለማጥፋት ስዞር የከረምኩበትን እሷ በአንድ ስኒ ቡና ጨረሰችው፤ እንዲያውም ልጆቹ ከፈሏት። እስከ ወገባቸው ወርደው ያንን ያበጠ ሥር በፋስ እየፈለጡ አወጡት። ስፋቱ ጠረጴዛ ያህላል።

ተከራዩ በደስታ ጉድጓዱን አስሞልቶ ፕላስቲክ ባልዲዎቹን ሲያግዝ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ቆይ ልጄ፣ ቦታው ሰፋ አይደል? ኪራዩን ሳንነጋገር?»