የገዛ ጓጉንቸሬን ብጎረጉር ምን አገባችሁ?

«ሌብነት ጀመርህ አሉ» አለኝ አንድ አብሮ አደጌ ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ፣ ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቅ። እጄ ላይ ያለው ጓጉንቸር በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ አለ።

«ሌባ የሰው ይከፍታል፣ እኔ የራሴን። ሌባ ጨለማ ይመርጣል፣ እኔ መናኸሪያ መሐል ቆሜአለሁ። በጠራራ ፀሐይ የሰው ስም የምትሰርቀው አንተ ነህ» አልሁት።

አብረውት የቆሙት ሳቁ። እሱ ግን አልለቀቀኝም። «ቁልፉ ኪስህ ካለ በሽቦ መጎርጎሩ ምን ይሉታል?»

«የቅኔ ተማሪ ወርቁን የኔታ በቃላቸው ቢነግሩት ይገላገል የለም? ምን ሲል ሌሊቱን ሙሉ ሰሙን ሲልጥ ያድራል? ጎረቤትህ ዋድላ ነው፤ ሂድና ጠይቅ።»

ይኼን ያልሁት አፉን ለማስያዝ ብቻ አይደለም። ጓጉንቸርን ያለ ቁልፉ መክፈት በትርፍ ጊዜ የሚለመድ፣ ጭንቅላትና ጣት የሚያሠራ ነገር ነው፤ ደስታውም ለምን እንደተከፈተ ማወቁ ላይ ነው። ተራ ጓጉንቸር ውስጥ አንድ የሚዞር ሲሊንደር አለ። እንዳይዞር አንቀው የሚይዙት በትንንሽ ሞላ የሚገፉ ጥንድ ጥንድ ፒኖች ናቸው። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሱ እያንዳንዱን ጥንድ በልኩ ያነሣዋል፤ የጥንዶቹ መለያያ ሁሉ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ይዞራል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የጥንት ግብፆች በእንጨት ሠርተውበታል። ዛሬ በየበራችን ላለው ለብረቱ ዓይነት አሜሪካዊው ላይነስ ዬል፣ ልጅየው፣ እ.ኤ.አ. በ1861 የፈጠራ መብት አወጣበት።

ምስጢሩ ያለው ፋብሪካው ላይ ነው። የፒን ቀዳዳዎቹን ፍጹም ባንድ መሥመር የሚበሳ መሣሪያ የለም፤ በጥቂቱ ይዛባሉ። ስለዚህ ሲሊንደሩን በቀጭን ብረት በስሱ ብትጠመዝዘው ፒኖቹ እኩል አይያዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይነክሳል። እሱን ፈልገህ በሌላ ብረት ቀስ አድርገህ ታነሣዋለህ። ልኩ ላይ ሲደርስ ሲሊንደሩ ቅንጣት ታህል ይንሸራተትና ፒኑ ከላይ ይቀራል፤ ጣትህም ይሰማዋል። ከዚያ ሌላው ይነክሳል። ርካሹ ጓጉንቸር መዛባቱ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይናገራል፤ በጥንቃቄ የተሠራው አፉን ይይዛል።

«መሣሪያውስ? ከአሜሪካ አስልከህ ነው?» አለኝ ሌላው።

«ከወረታ ወልዲያ መንገድ» አልሁት። እውነቴን ነው። የመኪና መስታወት መጥረጊያ ላስቲኩ ሲያልቅ ይጣላል፤ ውስጡ ግን የሚለመጥ ቀጭን ብረት አለው። በሞረድ ጫፉን ትንሽ ሽቅብ ካወጡለት ጎርጓሪ ይሆናል፤ ሌላውን ቁራጭ ባንድ በኩል ካጠፉት ጠምዛዥ ይወጣዋል። ጀማሪን የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ በጉልበቱ ይጠመዝዛል፤ ያኔ ፒኖቹ በሙሉ ይታነቃሉ፣ አንዱም አይነሣም። ጣት ማቅለል ካልተማሩ ብረት መሳል ብቻውን የትም አያደርስም።

አጎቴ ደግሞ ቡና ላይ ያዙኝ። «አንተ የጨዋ ልጅ፣ ሞረድ ይዘህ ቀጥቃጭ ልትሆን?»

«አጎቴ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት፣ ያን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በዚሁ በጋይንት አስጎትተው ጨጨሆን አስወጥተው መቅደላ ያደረሱት፣ ባለ ሙያ ንቀው ነው? አፄ ምኒልክስ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ይቀጣል ብለው አውጀዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት አለፈው፤ እስካሁን አንቱ ደጅ ያልደረሰው ጨጨሆ በር ላይ ማን አስቆሞት ነው?»

ስኒያቸውን አስቀምጠው ሳቁ፤ «በል ጠጣ» አሉኝ። እኔ ግን ነገሩ ያንገበግበኛል። ማረሻ ያወጣልንን፣ ማጭድ የሳለልንን ሰው ቡዳ ብለን አገለልነው። ድስት የሠራችልንን ሴት ከማዕድ አራቅናት። አሁን ደግሞ አንድ ልጅ ብረት ከፍቶ ውስጡን ልይ ሲል ሌባ እንለዋለን። በእጁ የሚመራመርን ሰው መስደብ የለመደ አፍ ስድቡን ይለውጣል እንጂ ሱሱን አይተውም።

ጓጉንቸር ሻጩ በበኩሉ ገበያው ተነካበት። «ይኼን በአደባባይ እየከፈትህ ሌባ ታስተምራለህ። ገበያዬንም ልትዘጋ ነው!»

«ገበያህ ቢዘጋማ እሰየው፤ የማይዘጋው ጓጉንቸርህ ነው!»

ለዚህኛው ክርክር ከአፍ ፍጥነት የበለጠ መልስ አለ። ለንደን ላይ ብራማ የተባለ ቁልፍ ሠሪ ኩባንያ የራሱን ጓጉንቸር በመሣሪያ ለከፈተ 200 ጊኒ እሰጣለሁ ብሎ በሱቁ መስታወት ሰቅሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ ያሸነፈው አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1851 እዚያው ከተማ ታላቁ ኤግዚቢሽን ሲከፈት አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ መጣ። በመጀመሪያ ቸብ የተባለውን፣ እንግሊዝ የምትመካበትን መቆለፊያ በ25 ደቂቃ ከፈተው። ቀጥሎ ብራማውን ያዘ፤ በ16 ቀናት ውስጥ ተከፋፍሎ 51 ሰዓት ፈጀበት፣ ግን ከፈተው። አገሩ ታመሰ፤ ሌባ ታስተምራለህ ተባለ። እሱም ሌባው ሙያውን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፣ የማያውቀው ንብረቱን የሚቆልፈው ሰው ነው ሲል ተከራከረ። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ሠሪዎች የተሻለ ለመሥራት ተገደዱ። ዝም ቢባል ኖሮ የብራማ መስታወት ውስጥ ያለው ማስታወቂያ ሰውን ሲያኮራ ይኖር ነበር።

ለእኛ አገር ነገሩ ከለንደን ይልቅ ቅርብ ነው። በጋይንትም ሆነ በሲማዳ ቀበሌዎች ሴቶች ተሰባስበው የሚቆጥቡባቸው ቡድኖች አሉ። ገንዘቡ የሚቀመጠው በብረት ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ ሦስቱን ቁልፍ ሦስት የተለያዩ አባላት ይይዛሉ፤ ሣጥኑ የሚያድርበት ቤት ባለቤት ግን አንድም ቁልፍ አይሰጣትም። የሚከፈተው ሁሉም ባሉበት ነው። ይኼን ሥርዓት ያሰበውን ሰው አከብራለሁ። በየአጥቢያው ሙዳየ ምጽዋት ላይም እንዲሁ ቁልፉ ለተለያየ ሰው ይከፋፈላል፤ ሰው አንዱን ቢሰርቅ፣ አንዱን ቢያባብል፣ ሦስቱን ማግኘት ይከብደዋል ከሚል ጥበብ የመጣ ነው።

ነገር ግን ሦስቱም ጓጉንቸር ከአንድ ሱቅ፣ ከአንድ መደርደሪያ፣ ከአንድ ካርቶን ይገዛሉ። ርካሹ ጓጉንቸር የሚመረተው በጥቂት የጥርስ ዓይነት ስለሆነ ከዚያው ዓይነት አንዱ ቁልፍ ሌላውን ቢከፍት አይገርምም። ያኔ ሦስት ሴቶች ሦስት ቁልፍ ይዘው ሣጥኑን የሚጠብቀው አንድ ቁልፍ ይሆናል። ቡድኑ ግን ሦስት እንዳለው አምኖ ይተኛል። በሽቦ መጎርጎርን እንኳ ትቼ፣ ለዚህ ፈተና ሙያም አያስፈልግ፤ ቁልፎቹን እያቀያየሩ መሞከር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ በሌሎቹ ሁለት ጓጉንቸሮች ውስጥ ይግባ፣ ይዙር ወይ አይዙር ይታይ። ከዞረ በማግስቱ ይለወጥ። ጓጉንቸር ሲገዛም ከተለያየ ሱቅ፣ ከተለያየ ፋብሪካ ይሁን። ቀለበቱ ያለ ቁልፍ ተጭኖ ጠቅ ብሎ የሚቆለፈው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በሞላ የሚያዝ ስለሆነ በስስ ቆርቆሮ ይታለላል፤ ለመቆለፍም ቁልፉን ማዞር የሚፈልገው፣ ውስጡ የብረት ኳስ ያለው፣ ይሻላል። ዋጋው ይጨምራል። የዓመት ቁጠባ የሚያድርበት ሣጥን ስለሆነ ጭማሪው አያስቆጭም።

ይኼን ሁሉ ያወቅሁት በመጎርጎር ነው። ሌባ የሚለኝ ሁሉ ከዚህ ውስጥ የትኛውን ለሌባ እንደጠቀምሁ ያሳየኝ።

ወሰኑን ደግሞ አልደብቅም፤ ልጅ ሆኖ ይኼን የሚጀምር ካለ ከመሣሪያው በፊት እሱን ይያዝ። በዓለም ዙሪያ በዚህ ጨዋታ የተሰባሰቡ ሰዎች፣ ለምሳሌ ሀምቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የጀርመኖቹ ማኅበር፣ የሚግባቡባቸው ሁለት ሕጎች አሉ። የራስህ ያልሆነውን ባለቤቱ ሳይፈቅድ አትንካ። የራስህም ቢሆን ሥራ ላይ ያለውን፣ የምትተማመንበትን መቆለፊያ አትጎርጉር፤ ሞላው ቢጣመም ከቤትህ ውጭ ታድራለህና። የእኛም የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባዱን በ669 ይቀጣል፤ በዚያ በኩል የሚያሾልክ ጨዋታ የለም።

ይኼንኑ ስናገር የአንድ ቡድን ሊቀ መንበር የሆኑ እትዬ ከሰፌዳቸው ቀና አሉ። «አፍህስ ይከፍታል። እንግዲያው ና የኛን ሣጥን ክፈትና እንይህ!»

«እትዬ፣ የናንተ ሣጥን ሥራ ላይ ነው፤ አልነካውም። ከዚያው ሱቅ ያንኑ ዓይነት አዲስ ጓጉንቸር ይግዙ፣ ስብሰባው ላይ ያምጡት፣ ሁላችሁም እያያችሁ ልሞክረው።»

«ከከፈትኸውስ?»

«ሦስቱንም በዚያው ቀን ትለውጣላችሁ።»

«ካቃተህስ?»

«ካቃተኝ ከየት እንደገዛችሁት ይንገሩኝ፤ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ላሉት እህቶቻችሁ እልክላቸዋለሁ።»

«የጓጉንቸሩን ዋጋ ማን ይከፍላል ታዲያ?» አሉኝ።

«እኔ!» አልኋቸው።