ቁጣ በአማርኛ፣ ክርክር በኦሮምኛ

«ለመሆኑ አንተ በየትኛው ቋንቋ ነው የምታስበው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቋንቋ ተወልዶ በዚያው ያደገ ነው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ሊቀ መንበር ተቀምጦ ስብሰባውን በአንድ ቋንቋ የሚመራ ይመስለዋል። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይሄ ጥያቄ መልስ የለውም። ስለ ምን ሳስብ? ስለ ገንዘብ ነው ስለ ኃጢአት? ጠግቤ ነው ርቦኝ?

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ሐረር ተራራዋ ላይ ቀረች፤ ሐዲዱ ግን ሜዳውን መርጦ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ደረሰ፤ ከተማዋም ተከትላው በቀለች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ ሆነና ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ እንጀራ ፍለጋ ተሰበሰበ። እንዲህ ባለ ሰፈር ልጅ ቋንቋ የሚማረው ደብተር ይዞ አይደለም። «አቀብለኝ» ማለትን በሦስት ቋንቋ ካላወቀ ኳስ አይደርሰውም፤ ስድቡን ግን በሦስቱም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ቋንቋ ለብቻው አይመጣም፤ ያስተማረህን ሰው ጠባይ ይዞ ነው የሚመጣው።

እናቴ ለዚህ ምስክር ናት። አማርኛዋን ያገኘችው ከእናቷና ከንስሐ አባቷ ነው። በአማርኛ ስትናገር ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ባለ ሱቁ «ሃምሳ ብር» ካላት ሃምሳ ነው፤ ሁለቴ መጠየቅ ነውር ነዋ። ይህችው ሴትዮ ቀፊራ ገበያ ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች። ኦሮምኛዋን የተማረችው እዚያው፣ ከገጠር ሽንኩርትና ቲማቲም ይዘው ከሚመጡ ሴቶች ነው። ቁጢጥ ትልና ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እያገላበጠች «ሜቃ?» ትላለች። ዋጋው ሲነገራት ትስቃለች፤ ሻጯም ትስቃለች። ተነስታ ትሄዳለች፤ ይጠሯታል፤ እንዳልሰማች ትሆናለች፤ እንደገና ይጠሯታል፤ ትመለሳለች። በመጨረሻ ባሰበችው ዋጋ ገዝታ፣ አንድ ጭብጥ ቃሪያ ምራቂ አስጨምራ፣ የሻጯን ልጅ ጤንነት ጠይቃ ትነሳለች። ወደ ሶማሌዋ ወተት ሻጭ ስትሻገርም ያው «ሜቃ» ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ዋጋ የሚጠይቁት በዚችው ቃል መሆኑ እግዜር ለድሬ ሰው የዋለለት ውለታ ነው እላለሁ። ችግሩ መልሱ ላይ ነው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ይመራ ስለነበር እሳቸውም ፈረንሳይኛውን ከአለቆቻቸው አፍ ነው የለቀሙት። አለቃ ደግሞ ምን ያወራል? ያዛል። በአማርኛ ልባቸው የሚራራ፣ ከረሜላ ከኪሳቸው የማይጠፋ አባት ነበሩ። ግንባቸው ላይ የወጣን ዕለት ግን አከርካሪያቸው ቀጥ ይልና «አታንሲዮን! ዴሳን!» ይላሉ፤ ትርጉሙን ሳናውቅ ወርደን እናገኘዋለን። በጋቸው እንኳ «አሌ!» ካላሉት አይነቃነቅም ነበር። ፈረንሳይኛ የፍቅር ቋንቋ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኛ ሰፈር ከግንብ የመውረጃ ቋንቋ ነበር።

የኔ እንግሊዝኛ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው፤ ፈተናውን አስከትሎ። የማባዛት ሰንጠረዥ በአማርኛ ገብቶኛል፤ ሰባት ሰባት አርባ ዘጠኝ እያልን አዚመነዋል። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ሲሆን ያልታወቀው ቁጥር «ኤክስ» ተብሎ መጣ። እስከ ዛሬ የሱቅ ሒሳብ የምሠራው በአማርኛ ነው፤ የሆነ ነገር ከጠፋኝ ግን የጠፋኝ በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ቋንቋ ስናገር ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ እቀመጣለሁ፤ መልሱን የሚያርም ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ሰዓቱስ ቢሆን? ስልኬ 7:00 ብሎ ይጽፋል፤ አፌ «አንድ ሰዓት» ይላል። ስድስት መቀነስን ማንም አላስተማረኝም፤ ኦሮምኛውም ያንኑ ያደርጋል። እንግሊዝኛ ስናገር ግን ያቺው ሰዓት ራሷ ሰባት ናት።

አማርኛ ለኔ ከእናቴ ይሉኝታ ጋር የመጣ ቋንቋ ነው፤ አሠራሩም ለይሉኝታ ይመቻል። ግሡ መጨረሻ ላይ ነዋ! ባለቤቴ በአክስቷ ልጅ ሰርግ ጉዳይ ስትጠይቀኝ «እኔ እንኳ ቅዳሜ ዕለት ከእናንተ ጋር አዳማ ድረስ ለዚህ ሰርግ…» እልና ፊቷን አያለሁ። ፊቷ ከፈካ «እሄዳለሁ»። ከፈካ ያልኩት እንዲያው ነው፤ ከጠቆረም «እሄዳለሁ» ነው። ዋናው ነገር እዚያ እስክደርስ የማሰቢያ ጊዜ ማግኘቴ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ዶንት» ብለህ የጀመርክ እንደሆነ ገና በሁለተኛው ቃል ትዳርህን አደጋ ላይ ጥለሃል።

እህቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጆቿ እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ አማርኛቸው እንጀራና ሰላምታ ላይ ያበቃል። አንድ ቀን በቪዲዮ እያወራን ታናሹን ጫማውን እንዲያደርግ አዘዘችው። «ሃኒ፣ ፕሊዝ» አለች፤ ልጁ ከጨዋታው ቀና አላለም። «አይ ሴድ ናው!» አለች፤ ወይ ፍንክች። ቀጥላ «አንተ!» አለች። የቀረውን አልጨረሰችውም፤ ልጁ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ቆሟል።

ነገሩ የተጠና ነው። ካትሪን ሃሪስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት አፍ መፍቻቸው ቱርክኛ የሆኑ ሰዎች ጣት ላይ መሣሪያ ገጥመው የላባቸውን ለውጥ ለኩ። በልጅነት የሚሰሙት ዓይነት ተግሳጽ በቱርክኛ ሲመጣባቸው ቆዳቸው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይደነግጥ ነበር። የእህቴ ልጅ አፍ መፍቻ ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ታዲያ በአማርኛው ለምን ደነገጠ? ሊቃውንቱ የለኩት የሰሚውን ጣት ነው። የእህቴን ጣት ለክተው ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ይቃጠል ነበር፤ ልጁም ያንን ያውቃል።

ሌላው ጥናት የባቡር ነው፤ ለድሬ ልጅ ይሄ አይታለፍም። ባቡር ወደ አምስት ሰዎች እየከነፈ ነው። አንተ ድልድይ ላይ ነህ፤ አጠገብህ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ቆሟል። ገፍተህ ሐዲዱ ላይ ብትጥለው እሱ ይሞታል፣ ባቡሩ ይቆማል፣ አምስቱ ይተርፋሉ። ትገፋዋለህ? አልበርት ኮስታ፣ ቦዓዝ ኬይሳርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳተሙት፣ ያው ጥያቄ በአፍ መፍቻ ሳይሆን በሁለተኛ ቋንቋ ሲቀርብ «እገፋዋለሁ» የሚለው ሰው ይበዛል። ጎረቤታችን ቢጠየቁ ፍሬኑን የመረመረው ማን ነው ብለው በፈረንሳይኛ ይጮኹ ነበር። እኔ ግን ኪሎዬን ስለማውቅ ትምህርቱን ወስጃለሁ፤ ድልድይ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ከቆምኩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው ሰላም የምለው።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲገምቱ፣ በሁለተኛ ቋንቋ ስናስብ ስሜታችን ራቅ ይላል ይላሉ። እኔ በራሴ አባባል ይሉኝታ እንግሊዝኛ አይችልም እላለሁ። በአማርኛ «ወንድሜ፣ እስከ ደሞዝ ብቻ» የተባልኩ እንደሆነ እጄ ከአፌ ቀድሞ ኪሴ ይገባል፤ እናቴን፣ ንስሐ አባቷን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ከፊቴ አያቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ግን የማየው ሒሳቡን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ብድር ጠያቂ ሲመጣብህ በሁለተኛ ቋንቋህ መልስ። እኔ ከጀመርኩት ወዲህ «ፈረንጅ ሆነብን» ብለው የተቀየሙኝ አሉ፤ ገንዘቤን የወሰደ ግን የለም። ጠያቂዋ እናቴ ከሆነች ግን አይሠራም፤ የምትመጣው በኦሮምኛ ነው።