በሶ ያልያዘ ጦር

ወታደር ወጥ ቤት ገብቶ ምንም ሳይቀምስ ሲወጣ ያየ ሰው ካለ ይምጣና እንነጋገር። እኔ አይቻለሁ፤ እዚሁ ሰቆጣ፣ በእህቴ ልጅ ቴሌቪዥን። ወታደሩ አረንጓዴ ነው። ቆቡ አረንጓዴ፣ ጫማው አረንጓዴ፣ ፊቱ አረንጓዴ፤ ከአናቱ እስከ ጥፍሩ ፕላስቲክ ነዋ! ቁመቱ ከሹካ ያንሳል። ቡላ ቀለም ያላቸውን ጠላቶቹን እያሳደደ ወጥ ቤቱን ያተራምሰዋል፤ መሶብ ቢያይ እንኳ የሚከፍት አይመስልም።

ጨዋታው «አርሚ ሜን፦ ሳርጅስ ሂሮስ» ይባላል። ስሪዲኦ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ለኒንቴንዶ 64፣ በዓመቱ ደግሞ ለፕሌስቴሽን ያወጣው ነው። የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ ፕሌስቴሽን 2 ሲገዛ፣ ሻጩ በኳስ ሲዲዎቹ ላይ መርቆለት እኛ ቤት ደረሰ። ታሪኩ አጭር ነው። አረንጓዴዎቹና ቡላዎቹ ይዋጋሉ። የቡላዎቹ አለቃ ጄኔራል ፕላስትሮ ነው። የኛው ጀግና ሳርጅ የተማረኩ ጓዶቹን ሲያስፈታ ጫካውንና በረዶውን ያቋርጣል፣ በአስማት በር ሾልኮም የሰው ቤት ይገባል፤ መታጠቢያ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ሳሎን ሳይል ይታኮሳል። ለምን እንደሚዋጉ የሚያስረዳ የለም። ቀለማቸው ተለያየ፣ በቃ። ይሄን ለኛ አገር ሰው ማብራራት አያሻም።

አጎቴ ከፃግብጂ ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ ያረፉት በዚሁ ሰሞን ነው። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ዓ.ም. ሲታወጅ ዕድሜያቸው ለጠመንጃ የደረሰ ሰው ናቸው። ዘምተዋል፣ ቆስለዋል፤ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠየቁ ግን የሚያወሩት ስለ በሶ ብቻ ነው። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሳርጅን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት።

«ስንቁ የታለ?» አሉ።

«የለውም፣ አባባ።»

«ውሃስ?»

«ፕላስቲክ ነው እኮ፣ አይጠማውም።»

«እንዲህ ያለ ወታደር ያገኘ መንግሥት ታድሏል» አሉ አጎቴ።

ከዚያ በኋላ ማን ዝም ያሰኛቸው! «ተኛ! ተኛ እንጂ!» ይሉታል ልጁን፤ ልጁ ጆይስቲኩን ይዞ ሶፋው ላይ መተኛት ይጀምራል። ሜዳ ላይ ቆሞ መተኮስ በእሳቸው ዘመን እንደማያዋጣ ያስረዳሉ። ሳርጅ ብቻውን መቶ ሰው ሲደመስስ ደግሞ፣ «ይሄ ሪፖርት የተጻፈው ዋና መምሪያ ቁጭ ብሎ ነው» ብለው ፈረዱ። እናቴ ከጓዳ ጆሮዋን ጥላ ኖሮ ብቅ አለች። «ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ያልከፈተ ወታደር? ውሸት ነው! እኛ ዘንድ የመጣው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ የጠየቀው ጠላት የት እንዳለ ሳይሆን እንጀራ እንዳለ ነው።» ዋግ፣ ይሄው አካባቢያችን፣ በቅርቡ ጦርነት ያየችውን አይታለችና ሳቃችን ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው።

ሳርጅ እሳት የሚተፋ መሣሪያ ያገኘ ቀን ግን ሁላችንም ዝም አልን። ቡላዎቹ እሳቱ ሲነካቸው ምድጃ ውስጥ እንደወደቀ ሃይላንድ ተኮማትረው ይቀልጣሉ። ደም የለም። አስከሬን የለም። ልጁ ቁልፍ ይጫንና ሁሉም እንደገና ይሰለፋሉ። አጎቴ እዚህ ላይ ትችታቸውን ትተው «ይሄስ ጥሩ ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አሜሪካኖቹ ይሄን የፕላስቲክ ወታደር ለልጆቻቸው ማምረት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከዚያ በፊት የሚሠራው ከእርሳስ ነበር፤ በዚህ የታወቀው ደግሞ ብሪተንስ የሚባለው የለንደን ኩባንያ ነው። እና ይሄ ብሪተንስ፣ ጣሊያን በወረረን ሰሞን የኢትዮጵያን ክቡር ዘበኛና ባላገር ተዋጊ፣ ለግጥሚያ ደግሞ የጣሊያንን እግረኛ በእርሳስ ቀርጾ በሣጥን ሸጧል። ስለዚህ የለንደን ልጅ ሻዩን ጠጥቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኮ፣ ማይጨውን እኛ እንድናሸንፍ ማድረግ ይችል ነበር። ከኛ በስተምሥራቅ ያለው እውነተኛው ማይጨው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንዴት እንደዋለ ይታወቃል። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም ከዚያ በኋላ በአርበኝነት ሲዋጉ በጣሊያን እጅ ተገደሉ፤ እሳቸውን እንደገና የሚያስነሳ ቁልፍ አልነበረም።

እናቴ ሌላም ጥያቄ ነበራት፦ «ሴት የለችበትም?» አለችበት እንጂ፤ ቪኪ የምትባል የኮሎኔል ልጅ። ዋና ሥራዋ መማረክ ነው። እናቴ ይሄን ስትሰማ የሰጠችው አስተያየት እዚህ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንዲት የስድስት ዓመት አሜሪካዊት፣ ከነዚህ ፕላስቲክ ወታደሮች መካከል ለምን ሴት እንደሌለች ለአምራቾቹ ደብዳቤ ጽፋ ነበር። አንዱ አምራች ሴት ወታደሮችን በፕላስቲክ አወጣ። ደብዳቤውን እናቴ ብትጽፈው ኖሮ ሴቶቹ የሚወጡት በጄኔራልነት ነበር።

የእህቴን ልጅ ያስገረመው ሌላ ነው። ስሪዲኦን እ.ኤ.አ. በ1991 የመሠረተው ትሪፕ ሆኪንስ ቀደም ሲል በ1982 ኤሌክትሮኒክ አርትስን መሥርቶ ነበር፤ የፊፋ ጨዋታ አባት የሆነውን ኩባንያ ማለት ነው። እንግዲህ ሰውዬው ከኩባንያው ወጣ፣ ኩባንያው ፊፋን አወጣ፤ ከሰቆጣ እስከ ለንደን ልጅ ሁሉ ኳስ ላይ ተጣደ። ሆኪንስ ግን የአረንጓዴ ወታደሮች ጦር አዝምቶ ቀረ። ደግሞ አበዛው! ከ1998 ጀምሮ በአምስት ዓመት ውስጥ ከደርዘን በላይ «አርሚ ሜን» አከታትሎ አወጣ፤ ተጫዋቹ ሰለቸው፣ ተቺውም ዘለፈው፣ በ2003 ኩባንያው ከሰረ።

ይሄን ለአጎቴ ስነግራቸው ምንም አልደነቃቸውም። «ስንቅ የለውም አላልኩም?» አሉ።

አሁን የቸገረን ሌላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሳርጅ ከደረሰበት ወድቆ ከመጀመሪያው ዘመቻ ይነሳል። የእህቴ ልጅ ሚሞሪ ካርድ አለው፣ ግን የፕሌስቴሽን 2 ነው፤ የፕሌስቴሽን 1 ጨዋታ በሱ ላይ አይመዘገብም። አጎቴ ደግሞ መጨረሻውን ሳያዩ ፃግብጂ አልመለስም ብለዋል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቁም ሣጥንህ ሥር የተረሳ የፕሌስቴሽን 1 ሚሞሪ ካርድ ካለ ወደ ሰቆጣ ለሚመጣ ሰው ስጥልን። ከነሐሴ 16 በፊት ቢደርስ ይመረጣል፤ የሻደይ በዓል ልጃገረዶች ከወጡ በኋላ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ወጣት አይገኝም። ዋጋውን በሰቆጣ ማር እንከፍላለን።