ለ404 መኪና 400 አምፔር

ሐረር ጀጎል፣ ጊደር መጋላ፣ የአው ጁሃር የመሣሪያ ሱቅ ደጃፍ። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ነው። የጫት በርጫ ገና አልተጀመረም፤ ስለዚህ በከተማው ውስጥ መሐንዲሱ የተማረው ሰው ብቻ ነው። ጡረታ የወጣው ባለታክሲ አብዶሽ ከባለቤቱ ከነፊሳ ጋር መጥቷል። እሷ ዘንቢል ይዛለች፤ እሱ ዕቅድ ይዟል። ኤሌክትሮድ ሊገዛ ከሸዋ በር የመጣው በያጁ ታምሩ ግድግዳውን ተደግፎ ሻይ ይጠጣል።

አብዶሽ፦ አሰላሙ አለይኩም አው ጁሃር! ያንን ትልቁን ያውርዱልኝ።

አው ጁሃር፦ ወአለይኩሙ ሰላም። ትልቁን ምኑን?

አብዶሽ፦ የብየዳ ማሽኑን ነዋ። 400 አምፔር የሚለውን።

አው ጁሃር፦ ምን ልትበይድበት?

አብዶሽ፦ ፔጆዋን። መኪናዋ 404 አይደለች? ማሽኑ ቢያንስ 400 መሆን አለበት። የቀረችውን አራት በጉልበቴ እሞላታለሁ።

(ታምሩን ሻዩ ትን ይለዋል።)

ነፊሳ፦ አይዞህ ልጄ። ትናንት በርጫ ላይ ስድስት ሆነው መክረው ነው የወሰኑት። መጀመሪያ መኪናዋን ጠገኑ። ከዚያ ተጎታች መሥራት ጀመሩ። ምርቃናው ሲገባ የብረት በር ለጅጅጋ መላክ ደርሰው ነበር። መግሪብ አዛን ሲል ፋብሪካው ተዘጋ።

አብዶሽ፦ አቦ፣ አልተዘጋም! ሊቀመንበር ተመርጧል።

ነፊሳ፦ ማን?

አብዶሽ፦ እኔ።

ታምሩ፦ ጋሽ አብዶሽ፣ ለመሆኑ መኪናዋን ምኗን ነው ያመማት?

አብዶሽ፦ ወለሏን ዝገት በልቶታል፤ ትንሽ ነው። ከእግሬ ሥር አስፋልቱ ይታየኛል።

ነፊሳ፦ ትንሽ? ባለፈው ወር የአንዲት ሴትዮ ነጠላ ጫማ ከመኪናው ወርዶ ቀረ። ሴትዮዋ ገና አልወረደችም ነበር።

አብዶሽ፦ ጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፋት መኪና ናት እኮ! ከ1960 እስከ 1975 በፈረንጆቹ፣ ፔጆ ፈረንሳይ አገር ሲሠራት ብረቷ ብረት ነበር። እንደ ዛሬው ወረቀት አይደለም።

ታምሩ፦ ብረቷ ጥሩ ነበር፤ የወለሉ ላሜራ ግን አዲስ ሆኖም ስስ ነው። ዛሬ ደግሞ ግማሹ ዝገት ነው። 2.5 ኤሌክትሮድ አስገብተው በ80 አምፔር ሲነኩት ቀዳዳ ሊደፍኑ ገብተው መስኮት ከፍተው ይወጣሉ። በ400 ከሆነማ ከመኪናዋ የሚተርፈው ሊብሬዋ ነው።

አብዶሽ፦ ከታች ሻንሲው ይይዘዋላ።

ታምሩ፦ የቱ ሻንሲ? 404 እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት አካሏ ራሱ ነው፤ ወለሉና ጎኑ። እግር ማሳረፊያ እየጠገኑ አይደለም፣ የመኪናዋን ወገብ እየጠገኑ ነው። ዝገቱ እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ ካልወጣ፣ ዝገት ላይ የተለጠፈ ላሜራ የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ ይነቀላል።

አብዶሽ፦ እኔን ብየዳ አታስተምረኝ። በደሜ ውስጥ ነው። አጎቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር።

አው ጁሃር፦ የምድር ባቡር ጋራዥ ስንት ባለሙያ አውጥቷል። አጎትህ ግን ትኬት ቆራጭ ነበር፤ አላህ ይርሐመው።

(አው ጁሃር ማሽኑን ከመደርደሪያው በአንድ እጃቸው ያወርዱታል። አብዶሽ በሁለት እጁ ሊቀበል ተዘጋጅቶ ስለነበር ክብደቱ ያስደነግጠዋል።)

አብዶሽ፦ ይኼ 400 ነው? የልጄ የሙና ቦርሳ ይከብዳል!

ታምሩ፦ ኢንቨርተር ስለሆነ ነው፤ ቅለቱ ነውር የለውም። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ነበር በሁለት ሰው የሚነሣው። ነውሩ ሌላ ነው። እውነተኛ 400 አምፔር የሚያወጣ ማሽን 380 ቮልት፣ ስሪ ፌዝ ይፈልጋል። ይኼ ግን የቤት ሶኬት ላይ ነው የሚሰካው። እስቲ ጀርባውን ያዙሩት፤ የተለጠፈችውን ትንሿን ሰሌዳ እንያት።

አብዶሽ፦ (መነጽሩን እየፈለገ) ካርቶኑ ላይ በትልቁ ተጽፎ እያለ ትንሹን ለምን አነባለሁ?

ታምሩ፦ ይኸው፤ 160 አምፔር፣ 20 ፐርሰንት።

አብዶሽ፦ አው ጁሃር! 240 አምፔር የት ገባ?

አው ጁሃር፦ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የካርቶኑ ነው። እኔ ሱቅ ከፈትኩ እንጂ ካርቶን አልጻፍኩም።

(እዚህ ላይ ጸሐፊው ለአው ጁሃር ይፈርዳል። አራት መቶ ካላለው የሚገዛ የለም፤ ቁጥሩን ካርቶኑ ላይ የሚያስጽፈው ገዢው ነው።)

ነፊሳ፦ 20 ፐርሰንት ያልከው ቅናሽ ነው?

ታምሩ፦ አይደለም እትዬ ነፊሳ። በሙሉ ኃይሉ ከበየደ ከየአሥሩ ደቂቃ የሚሠራው ሁለቱን ነው። ስምንቱን ካላረፈ ይግላል፣ ይጠፋል። በትንሽ አምፔር ከሠራ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ነፊሳ፦ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ስምንት ደቂቃ? እንግዲያው ከአባ ሙና ጋር ይስማማሉ። ልዩነታቸው ማሽኑ ሲያርፍ አያወራም።

አብዶሽ፦ (ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ) ነፊሳ! እዚህ ስለ አምፔር እያወራን ነው! አምፔር ማለት...

(ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ጭልፊት ተወርውሮ ይወርዳል። ከነፊሳ ዘንቢል ወረቀቱ የተከፈተውን ሥጋ በጥፍሩ ነጥቆ በአብዶሽ ክንድ ሥር አልፎ ይሄዳል። የጊደር መጋላ ሰው ለዚህ ቀና አይልም፤ ሥጋ ቤቱ ጭልፊቱን ያውቀዋል፣ ጭልፊቱም ሥጋ ቤቱን።)

ነፊሳ፦ አምፔር ስትል ግማሽ ኪሎ ሥጋ ሄደ። ቀጥል፤ ገና ሽንኩርቱ አለ።

ታምሩ፦ ጋሽ አብዶሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሚበይዱት የት ነው?

አብዶሽ፦ ቤቴ ነዋ! ነገሩ ሁሉ በቤት መሥራት አይደል?

ታምሩ፦ ፔጆዋስ የት ነው የምታድረው?

አብዶሽ፦ ፈረስ መጋላ።

ታምሩ፦ ቤትዎ ለምን አታድርም?

አብዶሽ፦ በየት ትገባለች? መተላለፊያው ላይ እኔና አንድ አህያ ከተገናኘን አንዳችን ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ነፊሳ፦ የሚመለሰው ሁልጊዜ እሱ ነው።

አብዶሽ፦ ግን ይኼ ታስቦበታል! ኤክስቴንሽን እንጎትታለን። ከቤቴ እስከ መኪናዋ የበርጫው ጓደኛዬ ሙስጠፋ በእርምጃ ለክቶታል፤ 60 ሜትር ነው።

ታምሩ፦ ሙስጠፋ የለካው ከበርጫ በፊት ነው በኋላ?

አብዶሽ፦ ...በኋላ።

ታምሩ፦ 60 ይሁንልዎት። የቤት 1.5 ሽቦ ያን ያህል ተዘርግቶ 15 አምፔር ሲጎትት፣ ከ220ው ቮልት ወደ 20 የሚጠጋው መንገድ ላይ ይቀራል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ደግሞ ከቤትም 220 አይነሣም። ማሽኑ ይደክማል፣ ኤሌክትሮዱ ይጣበቃል። ሽቦው ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ግሎ ይቀልጣል።

አው ጁሃር፦ ጀጎል ደግሞ በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ቅርሱን በኤክስቴንሽን እንዳታቃጥለው።

አብዶሽ፦ እንግዲያው ምን ይሻላል? አንተስ በምንድን ነው የምትሠራው?

ታምሩ፦ ለመኪና አካል የሚሻለው ሽቦውን ራሱ እየገፋ የሚያወጣው ነው፤ ሚግ የሚሉት። ሽቦው 0.6 ወይም 0.8 ነው፣ ለስስ ላሜራ ይራራል። ነጥብ ነጥብ እያደረጉ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ እንዳይጣመም እያሳረፉ ነው የሚሄዱት። የድሮ ባትላሜራዎች በጋዝና በካርባይድ አሳምረው ይሠሩታል፤ እሱ ግን እጅ ይጠይቃል።

አብዶሽ፦ አው ጁሃር፣ ሚጉን ያውርዱ!

ታምሩ፦ ቆይ፤ ሚጉ ሲሊንደር ይፈልጋል። ጋዙ ባለቀ ቁጥር ፍለጋ ነው። ፈረስ መጋላ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋስ አለ፤ ነፋሱ ጋዙን ከብየዳው ላይ ይወስደዋል፣ ብየዳው ወንፊት ይሆናል። ጋዝ የማይፈልግ ሽቦም አለ፤ እሱ ነፋስ ይችላል፣ ግን ይተፋል፣ ስስ ላሜራ ላይም ኃይለኛ ነው።

ነፊሳ፦ ለአንድ ወለል ይኼን ሁሉ?

ታምሩ፦ እኔም እሱን ነው የምለው። በየቀኑ ካልበየዱ ሚግ አይገዛም። ይቺ ትንሿ ግን ለቤት ሥራ አትከፋም። አንግል ብረት፣ ቱቦላሬ፣ የመስኮት ፍርግርግ በ2.5 ኤሌክትሮድ ትሠራለች። መኪናዋን ለባለሙያ ይስጡ።

አብዶሽ፦ እኔ የማልችለው ምን አለ? መነጽር እንኳ አለኝ። (ከኪሱ የፀሐይ መነጽር ያወጣል።)

ታምሩ፦ ይኼ ለፎቶ ነው። እኔም ልጅ ሆኜ በዚህ ዓይነት በይጃለሁ። ቀን ምንም አይልም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ዓይንዎ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ ይመስልዎታል። ጥቁር መስታወት፣ ቁጥር 10 ወይም 11፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ። ባትሪውን ይፈታሉ። የቤንዚን ታንከር አጠገብ አይደርሱም፤ ባዶው ታንከር ከሙሉው ይብሳል፣ የሚፈነዳው የቤንዚኑ ትነት እንጂ ፈሳሹ አይደለም ብለው ይያዙት።

አብዶሽ፦ ጭሱንስ? የግመል ወተት ጠጥቼ እገባለሁ።

ታምሩ፦ ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ከበየዱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥዎታል። ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ። አይገናኙም።

አው ጁሃር፦ ወሬው በዛ። እስቲ ሞክሩት፤ ያልሞከራችሁትን አልሸጥም።

(ማሽኑ ደጃፉ ላይ ይሰካል። ታምሩ 75 ላይ ያስተካክለውና ሁለት ቁራጭ አንግል ብረት ያጋጥማል። ሕፃናቱን «ዞር በሉ፣ እንዳታዩ!» ብሎ ያባርራል። አብዶሽ ጭምብሉን ያጠልቅና ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ይተክላል። ጭጭ። ይጎትታል፤ ብረቱ አብሮ ይመጣል።)

አብዶሽ፦ ያዘኝ! ታምሩ፣ ያዘኝ!

ታምሩ፦ እርስዎ ነዎት የያዙት። ክብሪት እንደሚጭሩ ጫር አድርገው ወዲያው ከፍ ይበሉ።

(ጫር፣ ብልጭ፣ ጭጭ። እንደገና ጫር፣ ብልጭ፣ ጭጭ። ከዚያ አብዶሽ ስለ ቮልቴጁ ማማረር ይጀምራል።)

ነፊሳ፦ እስቲ አምጣው።

አብዶሽ፦ አንቺ?

(ነፊሳ ሻሿን ታጠብቃለች፣ ጓንቱንና ጭምብሉን ታደርጋለች። ሁለቴ ይጣበቅባታል። በሦስተኛው ይነሣል፤ ድምፁ ጥብስ እንደሚጠበስ አንድ ወጥ ሆኖ ይሄዳል። ታምሩ ቅርፊቱን በመዶሻ ያራግፈዋል። ከሥሩ የወጣው መስመር ጫፉ ላይ ትንሽ ወፍሯል፤ የቀረው እኩል ነው።)

ታምሩ፦ ማን አስተማረዎት?

ነፊሳ፦ ማን ያስተምረኛል? ዕድሜ ልኬን ስፌት ስሰፋ ኖሬያለሁ። እጅ አይንቀጠቀጥ፣ ርቀቱ አይስፋ፣ አትቸኩል። ሌላ ምን አለው? አው ጁሃር፣ ስፌቶቼን ቱሪስት የሚያይበት የብረት መደርደሪያ ለማሠራት ዓመት ሙሉ ስጠይቅ ነበር። ከጭምብሉ፣ ከጓንቱና ከአንድ ፓኬት ኤሌክትሮድ ጋር ስንት ይሉኛል?

አው ጁሃር፦ ለአንቺ እቀንሳለሁ። ደረሰኙን በማን ስም ልጻፈው?

አብዶሽ፦ በማኅበሩ...

ነፊሳ፦ በነፊሳ።

አብዶሽ፦ ፔጆዋስ?

ታምሩ፦ ሐሙስ ሸዋ በር ያምጧት። በቀስታ ይንዱ፤ ሰው ግን አይጫኑ።

አብዶሽ፦ እኔስ? ከሰዓት ስድስት ሰው ይጠብቀኛል። ምን ብዬ ልንገራቸው? ሊቀመንበር እኮ ነኝ!

ነፊሳ፦ ግቢው ሙሉ የስፌት ሣር ነው፤ እዚያ እሳት አላስነሣም። የምበይደው ደጅ፣ መተላለፊያው ላይ ነው። አንተ ሽቦውን ትይዛለህ፤ አህያ ሲመጣ ከፍ፣ ሰው ሲመጣ ዝቅ።

አብዶሽ፦ ሙስጠፋ ሲመጣስ?

ነፊሳ፦ እንደ አመጣጡ።