«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ላለዎት ሰው

ቪዛው ተመታ፣ ትኬቱም ተቆረጠ እንበል። እንኳን ደስ ያለዎት። ከባዱ ፈተና ግን ገና ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ያገኘዎት ሁሉ «እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ማለቱ አይቀርም። ሳይዘጋጁ አፍዎን እንዳይከፍቱ።

በርቀቱ ይጀምሩ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የግድግዳ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስደግፎ «በቻድ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ ነው» የሚል ጎረቤት ካለዎት አይከራከሩት፤ ሉል ይግዙለት። ሉል ላይ ክር ወጥሮ ያየ ሰው አጭሩ መንገድ በሱዳንና በሊቢያ ሽቅብ ወጥቶ በስፔን እንደሚያልፍ፣ እኩሌታውም ፖርቱጋል ላይ እንደሚውል ይገባዋል። (ጎረቤትዎ አይገባውም። ቢሆንም ይግዙለት።)

ሰዓቱ ላይ ነው ጥንቃቄው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብለው ቢያካፍሉት 13 ሰዓት አይሞላም። ሲመለሱ እውነትም ወደ 13 ሰዓት ነው፤ ሲሄዱ ግን 16 እና 17 ይደርሳል። «ስደት መሄጃው ይረዝማል» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጥፋቱ ግን የቦሌ ከፍታ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል። መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ቢረዝምም ታንኩን ጢም አድርጎ፣ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ መነሳት ይቸግራል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ወርዶ ይቀዳል፤ ለዓመታት ደብሊን ነበር የሚቀዳው። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ ከዚያ ሞልቶ ይነሳል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውም ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል።

የግድግዳው ሰዓት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው የሚነግርዎት። በአሜሪካኖቹ በጋ የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ ተነስተው 17 ሰዓት ቢበሩ፣ እዚያ ሲደርሱ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ 10 ሰዓት ብቻ! ሲመለሱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ተነስተው 13 ሰዓት ቢበሩ አዲስ አበባ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይገባሉ፤ 20 ሰዓት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ቁጥር ሞልቶልዎታል፤ ለየሰዉ የሚስማማውን ይስጡ። ለእናትዎ «ማታ ወጥቼ ጠዋት እገባለሁ» ይበሉ፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። «ትንሽ ዕቃ ነበረችኝ» ለሚል ሰው 17 ሰዓት ይበሉት፣ ቢያዝንልዎ። አያዝንም። ትንሿ ዕቃ በሦስት ፌስታል ተጠቅልላ፣ በፕላስተር ታስራ፣ ስሟና ስልኳ ተጽፎባት ትመጣለች፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ አራት ኪሎ ሽሮ ናት። ሻንጣዎ ደግሞ 23 ኪሎ ላይ ያበቃል።

ትኬቱ ላይ 10፡00 PM የሚል ካዩ በፈረንጅ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። ሌሊት 10 ሰዓት መስሎት የመጣ ሰው አውሮፕላኑን አውሮፓ ሰማይ ላይ ያገኘዋል።

ደለስ ለሚቀበልዎት ሰው ከነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አይስጡ። እሱ አውሮፕላኑን በስልኩ እየተከተለ ነው፤ ጎማው መሬት ሲነካ መኪናውን አስነስቷል። የኢሚግሬሽን ሰልፉን ግን ስልኩ አያሳየውም። በማረፊያው ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምረው ይንገሩት። ሻንጣው ውስጥ ቋንጣ ካለ ሁለት ተኩል ያድርጉት፤ ቋንጣውን ግን እንዳይጠብቅ።